የአክሲዮን ገበያችን የገብስ ማሳ ነበረ

በመስከረም 2018 ዓ.ም. መገባደጃ አንድ አውንስ ወርቅ በዓለም ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ4,000 ዶላር በላይ ዋጋ አወጣ። ዜናው በተሰማበት ሳምንት በመምህራን ክበብ ቡና እየጠጣን ሳለ ነገሩ ተነሥቶ ብዙ ተባለ። አንዱ የአሜሪካን የመንግሥት ዕዳ ከሰሰ፤ ሌላው ማዕከላዊ ባንኮች ስለሚያከማቹት ወርቅ አተተ፤ ሦስተኛው የቀረጡን ጦርነት ጠቀሰ። በመጨረሻ፣ እስከዚያ ድረስ ዝም ብሎ ያዳምጥ የነበረ አንድ የሥነ ሕይወት መምህር፣ «እሺ፣ እኛስ ያለችንን ጥሪት የት እናስቀምጣት?» ብሎ ጠየቀ። ካጠገቡ የተቀመጠው ቀልደኛ ባልደረባችን ሳያመነታ «ሱሉልታ!» አለው። ሁላችንም ሳቅን።

ወደ ቤቴ ስመለስ ነገሩን ባውጠነጥነው፣ በዚያ ሁሉ ክርክር መካከል ስለ ኢትዮጵያ ምጣኔ ሀብት የተነገረችው እውነተኛ ቃል ያቺ ቀልድ ብቻ ሆና ታየችኝ። እኛ የአዲስ አበባ ደመወዝተኞች የአክሲዮን ገበያ የለንም እያልን ለብዙ ዓመታት ስናማርር ኖረናል። ነበረን እኮ! በጅማ መንገድ ሰበታ ላይ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ ላይ፣ እንጦጦን ተሻግሮ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ ላይ ነበረን። ሰነዱ የመንደር ውል፣ አገናኙ ከሻይ ቤት በረንዳ የማይጠፋ ደላላ፣ የሚሸጠውም የሰው ማሳ ነበር።

ሰው ወርቅ የሚገዛው ወርቅ ስለሚወልድ አይደለም፤ ወርቅ ወለድ አይከፍልም፣ ትርፍም አያካፍልም። የሚገዛው በወረቀቱ ላይ ያለው እምነት ሲሸረሸር ነው። የእኛም ሰው በከተማዋ ዙሪያ መሬት የገዛው ሊያርስበት አልነበረም፤ አብዛኛው ቤት ሊሠራበት እንኳ አልነበረም። ብሩን የሚያሳርፍበት ቦታ አጥቶ ነው። ፍርሃቱ አንድ ነው፤ የኒውዮርኩ ባለሀብትና የአራት ኪሎው መምህር በአንድ ዓይነት ጭንቀት ይነዳሉ። ልዩነቱ የእኛ «ወርቅ» በካዝና የሚቆለፍ ብረት ሳይሆን የአንድ ቤተሰብ ቀለብ የሚታፈስበት ገብስና ጤፍ ማሳ መሆኑ ነው።

በሮቹ እንዴት እንደ ተዘጉ ባጭሩ ላንሣ። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ በአዲስ አበባ አነስተኛ የአክሲዮን መገበያያ ነበረ፤ አብዮቱ ፈንድቶ በ1967 ዓ.ም. ባንኮችና ፋብሪካዎች ሲወረሱ እርሱም አከተመለት። በዚያው ዓመት ሐምሌ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከ1983ቱ ለውጥ በኋላ የግል ባንኮች ተፈቀዱ፤ አክሲዮን የሚሸጥበትና የሚለወጥበት ገበያ ግን አልተቋቋመም። የውጭ ገንዘብ በእጅ ማኖር እንደ ወንጀል መቆጠሩ ቀጠለ። ስለዚህ ለቆጣቢው የቀረለት የባንክ ደብተር ነበር። ደብተሩስ ምን ይከፍል ነበር? በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ግሽበት 64 በመቶ በደረሰ ጊዜ ብሔራዊ ባንክ የወሰነው ዝቅተኛ የቁጠባ ወለድ 4 በመቶ ነበር። በ2003 ዓ.ም. ወደ 5፣ በ2010 ዓ.ም. ወደ 7 ከፍ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ግሽበቱ እንደ ገና ከ30 በመቶ በላይ ሲወጣ ወለዱ እዚያው 7 ላይ ቆሞ ጠበቀው። ይህ በምክር ቤት ያልታወጀ፣ ሰብሳቢውም የማይታይ ግብር ነው። ከፋዩ ቆጣቢው፣ ተጠቃሚው ደግሞ በርካሽ የሚበደረው ሁሉ፣ ከሁሉ በፊት ራሱ መንግሥት ነበር።

እኔም ከዚህ ነገር እጄ ንጹሕ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ረዳት መምህር ሳለሁ ዕቁብ ወጣልኝና ጥቂት ጨምሬበት ቡራዩ ላይ 200 ካሬ ሜትር በ16,000 ብር ገዛሁ። «ገዛሁ» የምለው በልማድ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት የማይሸጥና የማይለወጥ መሆኑን ስለሚደነግግ፣ ውላችን ስለ መሬት አንዲት ቃል አልተነፈሰም፤ የሚናገረው ስለ አንዲት የጭቃ ቤትና ስለ ሰባት የባሕር ዛፍ እግሮች ነበር። ቤቲቱ ለውሉ ስትባል በአንድ ሳምንት የቆመች፣ በር እንጂ መስኮት ያልነበራት ጎጆ ነበረች። ሦስት ሽማግሌዎች ፈረሙ፤ ጠላ ተጠጣ፤ አለቀ። በ2006 ዓ.ም. ያንኑ ቦታ በ240,000 ብር ሸጥሁት።

ሒሳቡን እንሥራው፤ ሙያዬ ነውና አንባቢ ይታገሠኝ። በስምንት ዓመት 15 እጥፍ ማለት በየዓመቱ 40 በመቶ ያህል ትርፍ ነው። ያው ገንዘብ በባንክ ቢቀመጥ ኖሮ ከ23,000 ብር ባልዘለለ ነበር፤ በዚያ ዘመን ውስጥ የሸቀጡ ዋጋ ከሦስት እጥፍ በላይ ስለ ጨመረም፣ ቆጣቢው ካስቀመጠው ግማሽ የሚሆነውን በተቀማ ነበር። ለረጅም ጊዜ ይህን ስናገር ሰው ያደንቀኝ ነበር፤ እኔም አድናቆቱን ሳልጠላ ተቀብዬ ኖሬአለሁ። ኋላ ግን የማልመልሰው ጥያቄ መጣብኝ። በዚያች ቦታ ላይ በስምንት ዓመት ውስጥ አንዲት ድንጋይ አላኖርሁም። አልቆፈርሁም፣ አልዘራሁም፣ አላጠርሁም። ታዲያ 224,000 ብሩ ከየት መጣ?

ባለፈው ዓመት ጥር ወር ላይ ለለቅሶ ወደ ቡራዩ ስሄድ መሬቱን የሸጡልኝን አዛውንት አገኘኋቸው። የአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ዘበኛ ሆነዋል። ያውቁኛል ብዬ አልጠበቅሁም፤ «መምህሩ አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። ከበሩ አጠገብ ባለች አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጥቂት ተጨዋወትን። ሃያ ዓመት ያልጠየቅኋቸውን ያን ቀን ጠየቅኋቸው፤ «አባባ፣ ያን ጊዜ ስለምን በዚያ ዋጋ ሸጡት?» አልኋቸው። ጥያቄው ሞኝነት ሳይመስላቸው አልቀረም። «ልጄ፣ እኔ ባልሸጠው መንግሥት ይወስደው ነበር። ካንተ ያገኘሁት ከዚያ ይሻል ነበር» አሉኝ።

ይህ የተማርንበት የምጣኔ ሀብት መጽሐፍ በምዕራፍ ከፍሎ የሚያስተምረው ነገር ነው። ሊወሰድበት እንደሚችል የሚያውቅ ባለይዞታ ሥጋቱን ከዋጋው ላይ ቀንሶ ይሸጣል። የሥጋቱን ልክ የሚወስነው ደግሞ ሕጉ ነው። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የካሳ አዋጅ ቁጥር 455 ለተነሺው ገበሬ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ የአምስት ዓመት አማካይ ገቢውን በአሥር በማባዛት ያሰላ ነበር። አሥር እጥፍ ሲባል ለጆሮ ብዙ ይመስላል። ነገር ግን ገበሬው የተቀበለውን አሥር ምርት በባንክ ቢያኖረው፣ በ4 በመቶ ወለድ በዓመት የሚያገኘው የአንድ ምርት አራት አሥረኛ ነው። ትናንት ሙሉ ጎተራ የነበረው ሰው ዛሬ ከግማሽ ያነሰ ይሰፈርለታል። ያም በመጀመሪያው ዓመት ነው፤ የገብስ ዋጋ ሲጨምር ገብሱ አብሮ ይጨምር ነበር፣ የባንክ ደብተሩ ግን አይጨምርም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ስሌቱን አሻሽሎ ካለፉት ሦስት ዓመታት የከፍተኛውን ገቢ 15 እጥፍ አደረገው። መሻሻል ነው፤ አልክድም። በ7 በመቶ ወለድ አሥራ አምስት ምርት በዓመት አንድ ምርት ከጥቂት ፍርፋሪ ጋር ይሰጣል። ለአንድ ዓመት! ወዲያው ተከትሎ የመጣው የሠላሳ በመቶ ግሽበት በሦስት ዓመት ውስጥ ያን ከግማሽ በታች አወረደው።

እንግዲህ የእኔ 224,000 ብር የመጣው ከዚህ ነው። ሕጉ መሬቱን በገብስ ዋጋ ተመነው፤ ከተማው በከተማ ዋጋ ገዛው፤ በሁለቱ መካከል ያለውን እኔና እኔን የመሰሉ፣ ደላላውና ባለሥልጣኑ ተካፈልነው። በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. በአዲስ አበባና በዙሪያዋ የኦሮሚያ ልዩ ዞን የተቀናጀ ማስተር ፕላን ሰበብ ተማሪዎች ሲነሡ፣ በኅዳር 2008 ዓ.ም. ነገሩ ሲያገረሽና ፕላኑ በጥር 2008 ዓ.ም. ሲሻር ብዙዎቻችን ነገሩን የብሔር ፖለቲካ ብቻ አድርገን ተነተንነው። የብሔር ፖለቲካ አልነበረም ማለቴ አይደለም። ግን ከሥሩ ይህ የሒሳብ ጉድለት ነበረ፤ የልጅ ልጁን ድርሻ በአሥር ምርት የሸኘ ሰው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማባዛት ተምሮ ነበር። ከነዚህ ልጆች አንዳንዶቹን እኔው አስተምሬአቸዋለሁ።

«እኔ መሬት አልገዛሁም፤ በባንክ ነው የቆጠብሁት» የሚል አንባቢ ይኖራል። የእርሱም ገንዘብ ሰበታ ሳይደርስ አልቀረም። ከ2003 እስከ 2012 ዓ.ም. ድረስ የግል ባንኮች ከሚሰጡት አዲስ ብድር 27 በመቶ የሚያህል የብሔራዊ ባንክ ሰነድ በ3 በመቶ ወለድ እንዲገዙ ይገደዱ ነበር። ከዚያ የተሰበሰበው ገንዘብ የልማት ባንክ ዋነኛ ምንጭ ሆነ። ከልማት ባንክ ከተበደሩት መካከል በሰበታ አቅራቢያ አለምገና ላይ በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የቱርኩ የጨርቃ ጨርቅና ልብስ ፋብሪካ አይካ አዲስ አንዱ ነበር። ለአውሮፓ ገበያ እንዲሰፋና ዶላር እንዲያመጣ የታሰበ ትልቅ ፋብሪካ ነበር፤ ከ2010 ዓ.ም. በኋላ ግን ዕዳው ተከማችቶ ባንኩ ተረከበው። በዚያ ወቅት ከልማት ባንኩ ብድር ወደ 40 በመቶ የተጠጋው የማይመለስ ወይም አጠራጣሪ ሆኖ ነበር። እንግዲህ መንገዱን ልብ ይሏል፤ የአዲስ አበባ ቆጣቢ በ5 በመቶ ያስቀመጠው በ3 በመቶ ወደ መንግሥት ሄደ፣ ከዚያ ገበሬ በተነሣበት መሬት ላይ በቆመ ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ቀረ።

እዚያው ሰበታ የሚገኘው የሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ታሪክ ሌላ ነው፤ እዳስሰዋለሁ እንጂ አልዘገይበትም። የእንግሊዙ ዲያጆ በጥር 2004 ዓ.ም. በ225 ሚሊዮን ዶላር ገዛው። በ2012 ዓ.ም.፣ ወረርሽኙ የዓለምን ገበያ ባመሰበት ጊዜ፣ የኢትዮጵያውን ንብረቱን ዋጋ ከሕንድና ከናይጄሪያ ጋር አብሮ በመዝገቡ ላይ ዝቅ አደረገው፤ በ2014 ዓ.ም. ለቢጂአይ ሸጦት ወጣ። ለለንደን ባለአክሲዮን ሰበታ በሒሳብ መግለጫ ግርጌ ያለች አንዲት መስመር ናት። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። ባለአክሲዮኑ መውጫ በር ስለ ነበረው ወጣ፤ የእኛ ገበሬ አንድም ጊዜ መግቢያ በር አላገኘም።

ከዚያስ ዓለም ራሷ መጣች። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ከመጋቢት 2014 እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ድረስ ወለዱን ከዜሮ አካባቢ ወደ 5 ከግማሽ በመቶ ገደማ ሲያወጣው፣ ድሆች አገሮች በዶላር የሚበደሩበት በር ተዘጋ። ዛምቢያ ቀድማ በ2013 ዓ.ም.፣ ጋና በ2015 ዓ.ም. ዕዳ መክፈል አቆሙ። እኛም በ2007 ዓ.ም. በ6.625 በመቶ ወለድ ከሸጥነው የአንድ ቢሊዮን ዶላር ዩሮቦንድ በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. የሚጠበቅብንን 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ ሳንከፍል ቀረን። ከሰባት ወር በኋላ፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፤ የዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅትም የ3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ፤ በ2018 ዓ.ም. መጀመሪያ ከ140 ብር በላይ ነበር።

ከምንዛሪው ለውጥ ማን ተረፈ? በደብተር የቆጠበው ግማሽ ሀብቱን አጣ። በሰበታ ዙሪያ አበባ የሚያመርተው ድርጅት ጽጌረዳውን በዩሮ ስለሚሸጥ በብር ሲመነዝር ገቢው በእጥፍና ከዚያ በላይ ጨመረ፤ ጽጌረዳውን የምትቆርጠው ልጅ ደመወዝ ግን በብር ነው፤ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ በሕግ የተወሰነ የደመወዝ ወለል ስላልነበረም ጭማሪው የአሠሪዋ በጎ ፈቃድ ሆነ። መሬት የያዘው ምንም አልሆነም። እኔ የማውቀው አንድ ደላላ ዋጋ ሲጠየቅ ስልኩን አውጥቶ የዕለቱን ምንዛሪ ካየ በኋላ ነው የሚመልሰው። ይህን ያስተማረው የገንዘብ ድርጅት የለም።

በመንግሥት በኩል ግን አዲስ በር ተከፍቷል፤ ይህን አለማመስገን ንፉግነት ነው። የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ግሽበቱም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ወደ 14 በመቶ ወርዷል። ሆኖም ኢትዮ ቴሌኮም 100 ሚሊዮን አክሲዮን እያንዳንዱን በ300 ብር ለሕዝብ አቅርቦ የተሸጠለት 10.7 ሚሊዮን፣ ገዢዎቹም ከ50,000 በታች ነበሩ። ትርፋማ ድርጅት ነው፤ በስልክ ይገዛል፤ ትንሹ መጠን 33 አክሲዮን፣ 9,900 ብር ነበር። ብዙዎች ሕዝቡ ስለ አክሲዮን አያውቅም አሉ። እኔ አልስማማም። ሕዝቡ በሃያ ዓመት ውስጥ በየትኛው ሰነድ እንደ ተቀማና በየትኛው እንደ ዳነ ጠንቅቆ ያውቃል፤ ከወረቀቱ ይልቅ አፈሩን የመረጠው ከልምድ ተነሥቶ ነው። ልምድ በአንድ የማስታወቂያ ዘመቻ አይሻርም።

አሳሳቢው ሌላ ነው። በ2015 ዓ.ም. የኦሮሚያ ክልል ሰበታን፣ ቡራዩንና ሱሉልታን ከሌሎች ጎረቤት ከተሞች ጋር አዋሕዶ የሸገር ከተማን መሠረተ፤ በዚያው ዓመት ሕጋዊ ካርታ የላቸውም የተባሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤቶች ፈረሱ። የእኔን ቦታ በ240,000 ብር የገዛኝ ሰው ቤት ቆሞ ይሁን ፈርሶ አላጣራሁም፤ ሳላጣራ የቀረሁት ጊዜ አጥቼ አይደለም። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የውጭ ባንኮች እንዲገቡ የሚፈቅደው አዋጅ ጸደቀ። በዚያው ዓመት ቢያንስ 150,000 ዶላር ለሚያወጣ የውጭ ዜጋ የቤት ባለቤትነትን የሚፈቅድ ሕግም ወጣ። እስካሁን ማሳውን የሚሻማው የመምህር ዕቁብ ነበር፤ ከእንግዲህ ዶላር ነው። የሚቀጥለው የዋጋ ዝላይ ከእኔ 15 እጥፍ የሚተናነስ አይመስለኝም። ገበሬውስ በየትኛው ማባዣ ይሸኛል?

ከተማ አይስፋ የሚል የለም፤ እኔም አልልም። መሬት በነጻ ይሸጥ የሚሉ ባልደረቦች አሉኝ፤ ክርክራቸው ክብደት አለው። ነገር ግን ሥጋት ላይ ያለ፣ ብድር የማያገኝ፣ የነገውን ዋጋ የማያውቅ ሰው ነጻ ገበያ ውስጥ ቢገባ፣ የቡራዩው አዛውንት እንዳደረጉት፣ በመጀመሪያው ቀን ለመጀመሪያው ደላላ ይሸጣል። አዋጅ 1161 ለባለይዞታው መሬቱን ራሱ ቀድሞ የማልማት መብት ይሰጠዋል፤ መልካም መብት ነው፣ ግን በሬ ሸጦ ሕንፃ የሚሠራ ገበሬ አላየሁም።

የምለው ይህ ነው። ማሳው ተወስዶ ለከተማ ሲውልና በሊዝ ሲተላለፍ፣ ከሊዙ ገቢ የተወሰነ እጅ፣ ሲሶው ቢሆን፣ በተነሺዎቹ ቤተሰቦች ስም በአክሲዮን ይመዝገብ። ካሳው እንደ ቀለብ ይከፈል፤ አክሲዮኑ ግን መሬቱ ከፍ ባለ ቁጥር አብሮ ከፍ ይበል። ለአሥር ዓመት ያህል አይሸጥ፣ ደላላው በፊት በር ወጥቶ በጓሮ እንዳይገባ። በገጠር የይዞታ ደብተር ላይ የባልም የሚስትም ስም እንደሚሰፍር ሁሉ በዚህም ላይ የሁለቱም ይስፈር። አሥር ዓመቱ ሲሞላ የሚሸጥበት ገበያ እነሆ ተከፍቷል፤ ለቴሌኮም አክሲዮን የተዘረጋው መዝገብ ለሱሉልታ ማሳ አክሲዮን የማይበቃበት ምክንያት አይታየኝም። ማዘጋጃ ቤቶቹ ገቢያችን ይቀንሳል ማለታቸው አይቀርም። ይቀንሳል። እስካሁን የሰበሰቡት ግን የማን እንደ ነበረ ከላይ አስልተናል።

የዚህ ነገር ሁለተኛ ክንፍ በጥር 2017 ዓ.ም. የጸደቀው የንብረት ግብር አዋጅ ነው፤ ባዶ ቦታ አጥሮ የሚጠብቀውን ሰው፣ ማለትም የ1998 ዓ.ም. እኔን፣ ምን ያህል ሊነካ እንደሚችል ለብቻው ማየት ይገባል። በሚቀጥለው ጽሑፍ እመለስበታለሁ።